በነፃ የታደለው ጭስ በማን ኪስ ተከፈለ?

በቅርቡ ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ የሁለት ቀን ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። ርዕሱ የካርቦን ገበያ ነው። በግሉ ለሚሠራ ጋዜጠኛ ስልጠና ማለት ግማሹ እውቀት፣ ግማሹ አበል ነው፤ አልዋሻችሁም። በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ሲታገለው፣ አሰልጣኙ አንድ ስላይድ አወጣ። አገሮች የካርቦን ገበያ ሲጀምሩ የብክለት ፈቃዱን ለፋብሪካዎች በነፃ ቢያድሉ ይመረጣል ይላል። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው፦ ሽግግሩ ይለሰልሳል፣ ፋብሪካዎች ወደ ሌላ አገር አይሰደዱም፣ ሸማቹ ላይም የዋጋ ጫና አይደርስም።

እጄን አወጣሁና «ሦስተኛው ልክ አይደለም» አልኩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሻይ ሰዓት እንነጋገርበታለን» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም የጠየቅኩት። በሻይ ሰዓት ደግሞ ሰውዬው ስልክ ላይ ነበር። እንግዲህ ያልተነጋገርነውን እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? መንግሥት «በዚህ ዓመት ፋብሪካዎች በሙሉ ተደምረው ከዚህ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይለቁም» ብሎ ጣሪያ ያስቀምጣል። ከዚያ ያንን ጣሪያ በቶን በቶን ይቆራርጥና ፈቃድ ያወጣል። አንድ ፈቃድ፣ አንድ ቶን። ፋብሪካው በዓመቱ መጨረሻ በለቀቀው ቶን ልክ ፈቃድ ማስረከብ አለበት። የጎደለው ይገዛል፣ የተረፈው ይሸጣል። ሀሳቡ ቀላልና ጥሩ ነው፤ እኔ ከሀሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚጀምረው «ፈቃዱ መጀመሪያ ለማን፣ በስንት ይሰጥ?» የሚለው ላይ ነው። በጨረታ ከተሸጠ፣ አየሩ የሁላችንም ስለሆነ ገንዘቡ ወደ ሕዝብ ካዝና ይገባል። በነፃ ከታደለ ግን ድሮ ብዙ ሲበክል ለኖረ ብዙ ይሰጠዋል። የአበካከሉ ብዛት እንደ ውለታ ተቆጠረለት ማለት ነው።

የዓለም ትልቁ ትምህርት ቤት አውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገበያውን የከፈተው በ2005 ነው። በመጀመሪያው ዙር፣ ከ2005 እስከ 2007፣ አባል አገሮች ቢያንስ 95 በመቶውን ፈቃድ በነፃ እንዲሰጡ ሕጉ ራሱ አዘዘ። በሁለተኛው ዙር፣ እስከ 2012፣ ቢያንስ 90 በመቶ። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ፋብሪካ ላለማስከፋት አብዝቶ አደለ። በ2006 የጸደይ ወራት ፋብሪካዎቹ በእውነት የለቀቁት መጠን ሲታወቅ፣ የተሰጠው ፈቃድ ከተለቀቀው ጭስ በልጦ ተገኘ። 30 ዩሮ ገደማ የነበረው ዋጋ በቀናት ውስጥ ተናደ። 2007 ላይ አንድ ቶን የመበከል ፈቃድ በሳንቲም ይሸጥ ነበር።

ይሄ አሳፋሪ ነው፣ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ዋናው ነገር ሸማቹ ላይ የሆነው ነው።

እስቲ ከሐምሌ 2024 በፊት የነበረውን የእኛን የዶላር ገበያ አስታውሱ። አንድ አስመጪ ከባንክ በ57 ብር አካባቢ ዶላር ተፈቀደለት። በጥቁር ገበያ ዶላሩ ከ100 ብር አልፏል። ሰውዬው በዚያ ዶላር ያስመጣውን ዕቃ መርካቶ ላይ በስንት ዋጋ ሸጠው? በ57 ሂሳብ? ማንም ልጅ መልሱን ያውቃል። በጥቁር ገበያው ሂሳብ ነው የሸጠው። «በርካሽ ስላገኘሁት በርካሽ ልሽጥ» አላለም። ክፉ ስለሆነ ብቻም አይደለም፤ በእጁ ያለው ዶላር የሚያወጣውን ዋጋ ያውቃል፣ ዕቃውንም የሚተምነው በዚያ ነው። ታዲያ ርካሹ ዶላር ማንን ጠቀመ? ሸማቹን አይደለም። ፈቃዱን ያገኘውን ሰው ነው።

የአውሮፓ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ያደረጉት ቃል በቃል ይሄንን ነው። ፈቃዱ በነፃ በእጃቸው ገባ። ግን አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ጭስ በለቀቁ ቁጥር ሊሸጡት ይችሉ የነበረውን ፈቃድ ያቃጥላሉ። ስለዚህ የፈቃዱን የገበያ ዋጋ በመብራት ዋጋ ላይ ጨመሩት። በጀርመንና በሆላንድ ገበያ ላይ የተሠራና በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከፈቃዱ ዋጋ ከ60 እስከ 100 በመቶ የሚሆነው ወደ መብራት ዋጋ መተላለፉን አሳየ። ጀርመን ውስጥ ነገሩ እስከ ውድድር ባለሥልጣኑ ደረሰ፤ በ2006 መጨረሻ አርደብልዩኢ የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ አስጠነቀቀ። ፖይንት ካርቦን የተባለ ተቋም ለደብልዩደብልዩኤፍ ባዘጋጀው የ2008 ሪፖርት ደግሞ፣ በአምስት አገሮች ብቻ (እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ስፔን፣ ጣልያንና ፖላንድ) የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በሁለተኛው ዙር ከ23 እስከ 71 ቢሊዮን ዩሮ ያልለፉበት ትርፍ ሊያገኙ እንደሚችሉ ገመተ።

እንግዲህ «ሸማቹ ላይ የዋጋ ጫና አይደርስም» የሚለው ስላይድ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ጫናው ደርሷል። ልዩነቱ፣ በጨረታ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ሄዶ ለድሃው የመብራት ድጎማ ሊሆን ይችል ነበር። በነፃ ሲታደል ግን ወደ ባለ አክሲዮኖች ኪስ ሄደ። ሸማቹ በሁለቱም መንገድ ከፍሏል።

አውሮፓውያኑ ስህተቱ ሲገባቸው ከ2013 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ አምራቾች ነፃውን አቆሙ (ጥቂት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ቀጠሉ)። ለብረት፣ ለሲሚንቶ፣ ለነዳጅ ማጣሪያ፣ ለማዳበሪያና ለመሳሰሉት ግን ነፃው ቀጠለ። ሰበቡ «የካርቦን ሽሽት» ይባላል። «እኛን ካስከፈላችሁን ፋብሪካችንን ነቅለን ሕግ ወደሌለበት አገር እንሄዳለን፤ ጭሱ እዚያ ይጨሳል፣ ሥራው ከእናንተ ይቀራል» ነው ነገሩ። ማስፈራሪያው ሠራ። ለሽሽት የተጋለጡ ተብለው የተመዘገቡት ዘርፎች ከኢንዱስትሪው ጭስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ «ተጋላጮችን» ከሌላው ለይቶ ያወጣል ትላላችሁ? ሰፈሩ በሙሉ የችግረኛ ካርድ ከያዘ ካርዱ ትርጉም የለውም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የአውሮፓ ኦዲተሮች ፍርድ ቤት በ2020 ባወጣው ልዩ ሪፖርት፣ ነፃው ዕደላ በትክክል ለሚያስፈልገው እንዲደርስ ተደርጎ እንዳልተነጣጠረ ጽፏል።

ከ2008 በኋላ የኢኮኖሚ ቀውሱ መጣ፤ የብረትና የሲሚንቶ ምርት ወረደ። ፈቃዱ ግን የታደለው በደጉ ዘመን ምርት ልክ ነበር። ስለዚህ ትርፍ ፈቃድ ተከመረ። ሳንድባግ የተባለው የእንግሊዝ ተቆርቋሪ ድርጅት እነዚህን ኩባንያዎች በካርቦን የደለቡ ድመቶች ብሎ ስም አወጣላቸው፤ በዝርዝሩ አናት ላይ አርሴሎርሚታል፣ የብረቱ ግዙፍ፣ ተቀመጠ። ሥራ አጥቶ በመቀነሱ የተረፈው ፈቃድ ብክለት እንደቀነሰ ሆኖ ተሸጠ። ሲኢ ዴልፍት የተባለው የሆላንድ የጥናት ተቋም በ2021 እንዳሰላው፣ ከ2008 እስከ 2019 የአውሮፓ ኢንዱስትሪዎች ከዚህ ሥርዓት ከ30 እስከ 50 ቢሊዮን ዩሮ ተጨማሪ ትርፍ አግኝተዋል። ኩባንያዎቹ ስሌቱን ይከራከሩበታል፤ ዓለም አቀፍ ተወዳዳሪ ስላለን ዋጋ መጨመር አንችልም ይላሉ። ለአንዳንዱ ዕቃ እውነት ሊሆን ይችላል። የተረፈ ፈቃድ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ግን ምንም ክርክር የለበትም።

ትርፉ የመጣበት አንድ መንገድ አለ፣ እኛን በቀጥታ የሚነካ፣ ለብቻው ልንገራችሁ።

የአውሮፓ ኩባንያ ነፃ ያገኘውን ፈቃድ በውድ ይሸጥና፣ በምትኩ ከታዳጊ አገሮች የተገዛ ርካሽ የካርቦን ክሬዲት ማስረከብ ይችል ነበር፤ ገደብ ቢኖረውም ተፈቅዶ ነበር። ልዩነቱ ንጹህ ትርፍ ነው። ክሬዲቶቹ ከየት መጡ? ከፍተኛው ድርሻ ከቻይናና ከሕንድ የማቀዝቀዣ ጋዝ ፋብሪካዎች ነበር። እነዚህ ፋብሪካዎች ጋዙን ሲያመርቱ ኤችኤፍሲ 23 የሚባል ተረፈ ምርት ይወጣል፤ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። እሱን ማቃጠል ርካሽ ነው፣ የሚያስገኘው ክሬዲት ግን የትየለሌ። ነገሩ እስከዚህ ደረሰ፦ አንዳንዶቹ ለማቃጠል ብለው ተረፈ ምርቱን ማብዛታቸው ተጋለጠ። አውሮፓ ይሄንን ክሬዲት የከለከለችው ከግንቦት 2013 ጀምሮ ነው፤ ብዙ ከተበላ በኋላ።

አሁን ደግሞ ወደ ወላይታ ኑ። ሁምቦ ወረዳ። የተራቆተው ተራራ 2,728 ሄክታር ነው። ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ፣ ተራራውን ከከብትና ከምሳር ከለሉት። አብዛኛው ዛፍ በችግኝ አልመጣም፤ መሬት ውስጥ ከቀረው ጉቶና ሥር ነው ያቆጠቆጠው። በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን ለመግዛት ውል ገባ።

የአውሮፓ ገበያስ? አልተቀበለውም። በ2004 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ ከደን የሚመጣ ክሬዲትን ከመጀመሪያው ዘግቶበታል። ምክንያታቸው ዛፍ ነገ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል አይታመንም የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ እውነት ነው፣ ዛፍ ይቃጠላል። ግን ጎን ለጎን አስቀምጡት። የሁምቦ ገበሬ ዛፉን በሜትር አስለክቶ፣ ከብቱን ከግጦሽ ከልክሎ፣ ፈታኝና መርማሪ እየመጣበት ያገኘው ወረቀት «አይታመንም» ተብሎ በር ላይ ቀረ። ምርቱ በቀውስ የወደቀበት የብረት ፋብሪካ ምንም ሳያደርግ የተረፈው ወረቀት ግን እንደ ወርቅ ተሸጠ። ለቀማኛ ጋዝ በሩ ተከፈተ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ጥብቅነት ካለ ለሁሉም ይሁን።

ስለ ሲሚንቶ ሳልናገር አላልፍም፤ እኛ አገር የሲሚንቶ ነገር ያላቃጠለው ሰው ስለሌለ። የሲሚንቶ ጭስ ከነዳጁ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ በላዩ ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው የሚወጣው፣ ድንጋዩ ሲቃጠል። ስለዚህ መቀነሱ ከባድ ነው፣ እሱን አልክድም። በሦስተኛው ዙር አውሮፓ አንድ ደንብ አወጣች፦ ፋብሪካው ከድሮ ምርቱ ከ50 በመቶ በላይ ካመረተ ነፃ ፈቃዱን በሙሉ ያገኛል። ከ50 በታች ከወረደ ግማሹን ያጣል። ማለትም 51 ያመረተ ሙሉ፣ 49 ያመረተ ግማሽ።

መሬት ወስዶ አጥሮ የሚያስቀምጥ ባለሀብት አይታችኋል? «ግንባታ ካልጀመርክ መሬቱን እነጥቅሃለሁ» ሲባል አንድ ረድፍ ብሎኬት ደርድሮ «ጀምሬያለሁ» ይላል። የአውሮፓ የሲሚንቶ ኩባንያዎችም እንደዚያው አደረጉ። ግሪክና ስፔን ውስጥ ቤት የሚሠራ ጠፍቷል፣ ሲሚንቶ የሚገዛ የለም። ጤነኛ ኩባንያ ቢሆን ሁለቱን ፋብሪካ ዘግቶ አንዱን በሙሉ ኃይል ያሠራ ነበር። ይልቅ ሦስቱንም ከ50 በመቶ ትንሽ ከፍ አድርጎ እያንፏቀቀ ማሠራቱ አዋጭ ሆነ። ትርፍ ክሊንከር ተመረተ፣ የተወሰነው በመርከብ ወደ ውጭ ተላከ። በ2015 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት ይሄንን ከቁጥሩ አውጥቶ አሳየ፤ የፋብሪካዎቹ ምርት ልክ ከመስመሩ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ብክለት ለመቀነስ የወጣ ሕግ፣ ገዢ የሌለውን ክሊንከር አስመረተ! ደንቡ በኋላ ተስተካክሏል፤ ገንዘቡን ግን ማን ይመልሰዋል?

አሁን «ሽሽት» ወደሚሉት እንመለስ፤ ምክንያቱም የአሰልጣኙ ሁለተኛ ነጥብ እሱ ነው፣ እና ከሦስቱ ጠንካራው እሱ ነው። ያለፉትን ዓመታት የመረመሩ ጥናቶች ባመዛኙ በካርቦን ዋጋ ሳቢያ የተሰደደ ፋብሪካ ማግኘት አልቻሉም። ወዲያው የሚመጣው መልስ ደግሞ «ያልተሰደዱት እኮ ነፃውን ስለሰጠናቸው ነው! ዋጋውም ርካሽ ነበር» የሚል ነው። ተገቢ መልስ ነው። በ2013 አንድ ቶን ከ5 ዩሮ በታች ነበር፤ በየካቲት 2023 ግን 100 ዩሮ ነክቷል። በአምስት ዩሮ ያልተሰደደ በመቶ ዩሮ አይሰደድም ብዬ አልምልም።

ግን አንድ ሌላ ነገር እዩ። ለኤሌክትሪክ አምራቾች ነፃው ከቆመ በኋላ ምን ሆነ? በዚህ ገበያ ውስጥ ያለው ጭስ በ2023 ከ2005 ጋር ሲነጻጸር በ47 በመቶ ገደማ ወርዷል። ታላቅ ውጤት ነው፤ ግን አብዛኛው የመጣው ከኤሌክትሪክ ዘርፍ ነው። በ2023 ብቻ የኤሌክትሪኩ ጭስ በ24 በመቶ ሲወርድ የኢንዱስትሪው በ7 በመቶ ወረደ፤ ከዚያም ውስጥ የምርት መቀዝቀዝ ድርሻ አለበት። የከፈለው ተለወጠ፤ በነፃ የተሰጠው ባለበት ቆመ። ፀሐይና ንፋስ መርከሳቸው ለኤሌክትሪኩ እንደረዳው አውቃለሁ፤ ብረት ማቅለጥ ደግሞ ከመብራት ማመንጨት ይከብዳል። ሆኖም ሃያ ዓመት ሙሉ በነፃ እየታደለው ውድ ምድጃ የሚቀይር ማን ሞኝ አለ? እኔም ብሆን አልቀይርም።

«በነፃ ካልተጀመረ ፖለቲካው አይፈቅድም» የሚሉም አሉ። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖሩ የቻናሉ ተከታታዮች፣ እናንተው ምስክር ናችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላችሁ መብራት የምታበሩት በሰሜን ምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች የካርቦን ገበያ ውስጥ ሆናችሁ ነው። ያ ገበያ የመጀመሪያውን ጨረታ ያካሄደው በመስከረም 2008 ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብዛኛው ፈቃድ በጨረታ ነው የተሸጠው። ከገንዘቡም ለቤት ኃይል ቁጠባና ለአቅመ ደካማ የመብራት ሂሳብ የሚውል አለው። ገበያው የሚሸፍነው የኃይል ማመንጫዎችን ብቻ ነው፣ ዋጋውም ከአውሮፓ ያነሰ ነው። ግን ሰማይ አልተደፋም። መብራታችሁ በርቷል።

አውሮፓ አሁን ምን እያደረገች ነው? በድንበር ላይ የካርቦን ክፍያ አመጣች። ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክ ከውጭ ሲገባ ለጭሱ ይከፈልበታል። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሪፖርት ማድረግ ብቻ ነበር፤ ከጥር 2026 ጀምሮ ክፍያው ሕግ ሆነ። በአፍሪካ በኩል ብዙ ቁጣ ተነሥቷል። ሞዛምቢክን ብትወስዱ አሉሚኒየሟ በብዛት ይሸጥ የነበረው ለአውሮፓ ነው። የእኛ ቡናና አበባ ዝርዝሩ ውስጥ የለም (ቡናን የሚያሳስበው የደን ጭፍጨፋው ሕግ ነው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል)።

እኔ እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። የድንበሩ ክፍያ ራሱ ወንጀሉ አይደለም። ሕጉን ያነበበ እንደሚያውቀው፣ ለአውሮፓ ፋብሪካ ነፃ እስከተሰጠ ድረስ አስመጪውም በዚያው ልክ ይቀነስለታል። ነፃው የሚነሣው በዕርከን ነው፦ በ2026 2.5 በመቶ፣ በ2027 5 በመቶ፣ በ2028 10 በመቶ፣ እያለ በ2030 48.5 ይደርስና በ2034 ያበቃል። የእኔ ጥያቄ ዕርከኑ ላይ ነው። ከ2005 እስከ 2034 ቁጠሩት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት! በ2005 የተወለደ ልጅ ፋብሪካዎቹ ሙሉውን መክፈል ሲጀምሩ የልጆች አባት ይሆናል። ለስላሳ ሽግግር ማለት ይሄ ነው?

ደብልዩደብልዩኤፍ በ2022 ያወጣው ስሌት አለ። ከ2013 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ለአውሮፓ ከባድ ኢንዱስትሪ በነፃ የታደለው ፈቃድ 98.5 ቢሊዮን ዩሮ ያወጣል። በእነዚያው ዓመታት መንግሥታት ከጨረታ ያገኙት 88.5 ቢሊዮን ነው። ከተሸጠው በነፃ የተሰጠው በለጠ። ልብ በሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ተቆጥሮ አልተሰጠም፤ ሊሰበሰብ ሲችል የተተወ ነው። ግን እነዚሁ አገሮች ከሌሎች ሀብታሞች ጋር ሆነው በ2009 ኮፐንሃገን ላይ «ለታዳጊ አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን» ብለው ቃል ገቡ፤ የሞላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው፤ ብዙውም ብድር ነው። ለድርቅ ሲጠየቅ በጀት ጠበበን፤ ለብረት ፋብሪካ ሲሆን ማንም በጀት አልጠየቀም፤ ፊርማ ብቻ በቃ።

«ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አገራችን ዛሬ ፋብሪካዎችን የሚያስገድድ የካርቦን ገበያ የላትም። ግን ስላይዱ ደርሷል። ምክሩ ከደረሰ ረቂቅ ሊከተል ይችላል። ረቂቁ ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሣው ሲሚንቶ ነው፣ ምክንያቱም ከኢንዱስትሪያችን ትልቁ ጭስ እሱ ጋ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ነፃ ፈቃድ ተሰጠ። ፈቃዱ በገበያ ዋጋ አለው። የሲሚንቶ እጥረት ባለበት፣ ስሙ በደላላ በሚታወቅበት ገበያ፣ የዚያ ፈቃድ ዋጋ ኩንታሉ ላይ አይጨመርም የሚል ሰው ካለ በዶላሩ ዘመን የት ነበር? የሁለት ክፍል ቤት ለመጨረስ ዓመት የምትለፋው ሴትዮ በኩንታሉ ትከፍላለች፤ መንግሥት ሳንቲም አይሰበስብም፤ ትርፉ በመሃል ይቀራል። ማን ስንት ፈቃድ ይሰጠው የሚለውን የሚወስነው ቢሮ ደግሞ እንዴት ያለ ሰልፍ እንደሚሰለፍበት ልነግራችሁ አያስፈልግም። የዶላር ፈቃድ ወረፋን ያየ ያውቀዋል።

የእኛ ኢንዱስትሪ ገና ጨቅላ ነው፣ እንደ አውሮፓ ይክፈል ማለት ግፍ ነው የሚል ክርክር አለ። እስማማለሁ። መልሱ ግን ነፃ ፈቃድ አይደለም። ጨቅላ ከሆነ ገና ገበያው ውስጥ አታስገቡት። ወይም አስገቡት፣ ፈቃዱን በዝቅተኛ ዋጋ በጨረታ ሽጡ፣ ገንዘቡን በግልጽ በበጀት መዝገብ ላይ አስገብታችሁ ለአዲስ ምድጃና ለተሻለ ቴክኖሎጂ ድጎማ ስጡት። ድጎማ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ምክር ቤት ይጠይቀዋል፣ ኦዲተር ያየዋል፣ እንደ እኔ ያለ ጋዜጠኛም ቢያንስ ሰነዱን ለማግኘት ይለምናል። ነፃ ፈቃድ ግን በየትኛውም የበጀት ገጽ ላይ አይታይም። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አውሮፓ ለማስለቀቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል፣ እኛ ስንት እንደሚፈጅብን እናንተ ገምቱ።

በስልጠናው መዝጊያ ላይ የአስተያየት ወረቀት ታደለን። «ከስልጠናው ምን አገኙ?» ይላል። ስለ ሁምቦ ጻፍኩ፣ ቦታው ስላልበቃኝ ጀርባውን ገልብጬ ቀጠልኩ። የሰበሰበችው ልጅ አየችውና «ጋሼ፣ ጀርባው አይነበብም» አለችኝ።

በሲሚንቶና በብረት ፋብሪካ የምትሠሩ፣ ወይም እንዲህ ዓይነት ረቂቅ አይቻለሁ የምትሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁ አይወጣም።